ከመቀነት እስከ ሳጥን፦ ለጀማሪ የሚሆን የቢትኮይን ዋሌት ዳሰሳ

በ2013 በዌልስ ኒውፖርት ከተማ ጄምስ ሃዌልስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ የቆየ ሃርድ ዲስኩ ከቆሻሻ ጋር ተጣለበት። በዲስኩ ላይ ወደ 8,000 የሚጠጋ ቢትኮይን የሚያንቀሳቅስ ቁልፍ ነበር። ሰውየው የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ቆፍሮ ለመፈለግ ከአሥር ዓመት በላይ ለመነ፣ ተሟገተ፤ በ2025 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋበት። በ2022 መገባደጃ ደግሞ ኤፍቲኤክስ የተባለው ግዙፍ የክሪፕቶ መገበያያ ከሰረ። ደንበኞቹ የጣሉት ዲስክ፣ የረሱት የይለፍ ቃል አልነበረም። ሒሳባቸውን ሊያወጡ ሲሞክሩ ግን በሩ ተዘግቶ ቆያቸው።

አንዱ ገንዘቡን ራሱ ይዞ አጣው፤ ሌሎቹ ለሌላ ሰጥተው ተጎዱ። ጀማሪ ዋሌት ሲመርጥ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ገደሎች መካከል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የትኛው ዋሌት ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የአንድ መተግበሪያ ስም ነው። ስሞቹን በየቦታቸው እጠራለሁ። ዓይነቶቹን ሁሉ ከመረመርኩ በኋላ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ግን አንድ ፈተና ነው፦ ሰው ዋሌቱ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዋሌቱን አጥፍቶ መልሶ ሲያገኘው ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ዋሌት፣ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ይሁን፣ ገንዘብ ሊገባበት አይገባም።

ዋሌት የሚይዘው ምንድን ነው?

ዋሌት የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ቢትኮይን በስልክ ውስጥ አይቀመጥም። ከጥር 2009 ጀምሮ የተደረገ ዝውውር ሁሉ ብሎክቼይን በተባለው የሕዝብ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ የመዝገቡ ቅጂም በዓለም ዙሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ይገኛል። ዋሌት የሚይዘው በዚህ መዝገብ ላይ ያለን ገንዘብ ለማንቀሳቀስ የሚያስችለውን የምስጢር ቁልፍ ነው። ቁልፉ እጅግ ረጅም ቁጥር ነው። ከእሱ አድራሻ ይወጣል፤ ከአድራሻው ተነስቶ ወደ ቁልፉ መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ አድራሻ እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ለላኪ ይሰጣል፤ ቁልፉ እንደ ፊርማ ይጠበቃል። ልዩነቱ፣ ባንክ ፊርማ ሲያጠራጥረው መታወቂያ ይጠይቃል፣ ስልክ ይደውላል። የቢትኮይን መዝገብ ግን ቁልፉ ትክክል ከሆነ ማን እንደያዘው አይጠይቅም።

ያን ረጅም ቁጥር በእጅ መገልበጥ ስለማይመች በ2013 ቢፕ 39 የተባለ አሠራር ተዘረጋ። በዚህ አሠራር ቁጥሩ 2,048 ቃላት ካሉት ዝርዝር በተመረጡ 12 ወይም 24 ቃላት ይገለጻል። ዋሌት ሲከፈት የሚሰጡት እነዚህ ቃላት ብዙዎች «ሲድ ፍሬዝ» የሚሏቸው የማስመለሻ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢሰበር፣ ኩባንያው ቢዘጋ፣ ቃላቱ በሌላ ዋሌት ላይ ሲገቡ ገንዘቡ ይገኛል። በዚያው ልክ፣ ቃላቱን ያየ ሰው ገንዘቡን አገኘ ማለት ነው። የጥንቃቄው ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ የዋሌት ዓይነቶች የሚለያዩትም እነዚህን ቃላት ማን፣ የት እንደሚይዛቸው ነው።

በአደራ ማስቀመጥ

የመጀመሪያው ዓይነት ቁልፉን ለሌላ መስጠት ነው። መገበያያ ወይም ኤክስቼንጅ ላይ ሒሳብ የከፈተ ሰው ቃላት አይሰጡትም፤ የሚሰጠው የይለፍ ቃል ነው። ቢትኮይኑ በኩባንያው ቁልፍ ሥር ነው፤ ደንበኛው ያለው የአደራ ቃል ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፦ የይለፍ ቃል ቢረሳ ይቀየራል፣ ስልክ ቢጠፋ ሒሳቡ አይጠፋም፣ ለመግዛትም ለመሸጥም ቅርብ ነው።

አደራ ግን የሚመዘነው በአደራ ተቀባዩ ነው። ቶኪዮ የነበረው ኤምቲ ጎክስ፣ በዘመኑ ከሁሉ የሚበልጠው መገበያያ፣ በ2014 ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፋብኝ ብሎ ከሰረ። ከዚያ ውስጥ 200,000 ያህሉ በአንድ የቆየ ዋሌት ውስጥ ተገኘ፤ ለባለገንዘቦቹ ቢትኮይን መመለስ የተጀመረው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ በ2024 ነው። የካናዳው ኳድሪጋ ሲኤክስ መሥራች በ2018 ሕንድ ውስጥ ሲሞት ቁልፎቹን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር ተባለ። በ2020 የወጣው የኦንታሪዮ ሴኩሪቲስ ኮሚሽን ምርመራ ግን አብዛኛው የደንበኞች ገንዘብ የጠፋው መሥራቹ በሕይወት ሳለ በፈጸመው ማጭበርበር መሆኑን አሳየ። የኤፍቲኤክስ መሥራች ሳም ባንክማን ፍሪድም በ2024 የ25 ዓመት እስር ተፈርዶበታል። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ደንበኞቹ አደጋውን ከውጭ ሊያዩት አለመቻላቸው ነው፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የሒሳቡ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ይታይ ነበር።

መንግሥት ያቀረበው አደራም ከችግር አላመለጠም። ኤል ሳልቫዶር በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ ስታደርግ ቺቮ የተባለ ዋሌት አዘጋጅታ ለተመዘገበ ዜጋ የ30 ዶላር ቢትኮይን ሰጠች። ብዙዎች ሊመዘገቡ ሲሞክሩ ሌላ ሰው በመታወቂያ ቁጥራቸው ቀድሞ ገብቶ ስጦታውን ወስዶ አገኙት።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የባንክ ተቀማጭን የሚያስተማምነው የፌዴራል መድን ክሪፕቶን አይሸፍንም። ስለዚህ መገበያያ በር ነው፤ ይገባበታል፣ ይወጣበታል እንጂ አይታደርበትም። እዚያ ሒሳብ ያለው ሰው ለዚያው ብቻ የሚውል የይለፍ ቃልና በመተግበሪያ የሚመነጭ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠቀም። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ሲም ካርዱን በማጭበርበር ያስወጣ ሌባ እጅ ሊገባ ይችላል።

የመቀነት ገንዘብ

እናቶቻችን ለዕለት ገበያ የሚሆነውን በመቀነታቸው ቋጥረው ይወጣሉ፤ የቀረውን በሳጥን ይቆልፉታል። የስልክ ዋሌት መቀነት ነው። ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነው፣ ቃላቱም ይሰጡታል፤ ስልኩ ግን ቀኑን ሙሉ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘና በኪስ የሚዞር ዕቃ ነው። ቢጠፋ የሚያናድድ እንጂ ኑሮ የማያናጋ ገንዘብ ብቻ ይያዝበት። አንድ ቢትኮይን በ100 ሚሊዮን ሳቶሺ ስለሚከፈል በትንሹ ለመጀመር የሚያግድ ነገር የለም።

በዚህ ረድፍ ብሉዋሌት፣ ሙንና ፊኒክስ ይታወቃሉ፤ በኮምፒውተር ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ያለው ኤሌክትረም እና ስፓሮው። ስሙ ማንም ይሁን፣ ጀማሪው አራት ጥያቄ ይጠይቅ። የማስመለሻ ቃላት ወይም ሌላ ማስመለሻ በእጄ ይሰጠኛል? ኮዱ ለባለሙያዎች ምርመራ ክፍት ነው? ዓመታት ያስቆጠረና እስካሁን የሚታደስ ነው? ኩባንያው ነገ ቢዘጋ ገንዘቤን በሌላ መሣሪያ ማውጣት እችላለሁ? የመጨረሻው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ኤሌክትረም የራሱ የቃላት አሠራር አለው፤ ሙንም በ12 ቃላት ፈንታ የማስመለሻ ኮድና የአደጋ ጊዜ ሰነድ ይሰጣል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ወረቀት በሌላው ላይ ዝም ብሎ አይከፍትም። በወረቀቱ ላይ የዋሌቱ ስምም መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

የስልክ ዋሌት ትልቁ አደጋ ከማውረጃው ይጀምራል። በ2021 ትሬዞር የተባለውን የዋሌት ሠሪ ስም የያዘ ሐሰተኛ መተግበሪያ በአፕል መደብር ተለቅቆ ነበር፤ አንድ ሰው ቃላቱን አስገብቶበት 17.1 ቢትኮይን አጣ። ትሬዞር በዚያን ጊዜ ለአይፎን ያወጣው መተግበሪያ አልነበረም። በ2018 መጨረሻ ደግሞ በእውነተኛው ኤሌክትረም ውስጥ «አዲስ ስሪት ያውርዱ» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ብቅ ይል ነበር፤ ታዝዘው ያወረዱት ተዘረፉ። ዋሌት የሚወርደው ከሠሪው ድረ ገጽ በተገኘ ማስፈንጠሪያ ነው፤ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል፣ ከማስታወቂያ ወይም ስልክ ጠጋኝ ከጫነው አይጀመርም። አገልግሎት ላይ የዋለ ስልክ የገዛ ሰውም አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጥፋ፤ ማሻሻያ የማይቀበል አሮጌ ስልክ ከሆነ ደግሞ ዋሌት ባይከፍትበት ይሻለዋል።

ሳጥኑ

ገንዘቡ ከመቀነት ሲበልጥ ሃርድዌር ዋሌት ይመጣል። በ2014 ፕራግ ላይ ከተሠራው ከመጀመሪያው ትሬዞር ወዲህ ሌጀር፣ ኮልድካርድ፣ ቢትቦክስና ጄድ ተከትለዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቁልፉ ከትንሿ መሣሪያ አይወጣም፤ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ዝውውሩን ያዘጋጃል፣ መሣሪያዋ ውስጥ ይፈረማል፣ የተፈረመው ብቻ ይወጣል። የተቀባዩ አድራሻና መጠኑ በመሣሪያዋ ስክሪን ላይ ይታያል። ኮምፒውተሩ በቫይረስ ቢያዝ እንኳ ባለቤቱ በትንሿ ስክሪን ያየውን ካነበበና ካመሳከረ አይታለልም። ሳያነብ የሚጫን ሰው ግን መሣሪያውን በከንቱ ገዝቷል።

መሣሪያው ከሠሪው ወይም ሠሪው ከሚያውቀው ሻጭ ይገዛል። ዘመድ ከውጭ ሲያመጣም ከየት እንደገዛው ይጠየቅ። ቃላቱ ታትመው አብረው ከመጡ ያ መሣሪያ ወጥመድ ነው፦ ቃላቱን መሣሪያው ራሱ፣ በባለቤቱ ፊት፣ አዲስ አድርጎ ሊያመነጭ ይገባል። በ2020 ከሌጀር የሽያጭ መዝገብ የ272,000 ያህል ደንበኞች ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ ሾልኮ ወጣ። ከመሣሪያዎቹ የተሰረቀ ቁልፍ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ግን አንዳንዶቹ ደጅ ድረስ ከደብዳቤ ጋር «ምትክ» የተባለ ሐሰተኛ መሣሪያ መጣላቸው። ሌባው ሳጥኑን መስበር ሲያቅተው ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍትለት ለመነው ማለት ነው።

ከሳጥኑም በላይ መልቲሲግ አለ። የዕድር ሒሳብ በአንድ ሰው ፊርማ እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ፣ ከሦስት ቁልፎች ሁለቱ ካልፈረሙ ቢትኮይኑ አይወጣም። አንዱ ቁልፍ ቢጠፋ ሁለቱ ያወጣሉ፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌባው ብቻውን ምንም አያደርግም። ለማኅበር፣ ለቤተሰብ ወይም ለከፍተኛ ገንዘብ መልካም ነው። ለጀማሪ ግን የሚጠበቁት ነገሮች ስለሚበዙ ለኋላ ይቆይ። በቃላቱ ላይ ተጨማሪ ምስጢራዊ ቃል መጨመርም እንዲሁ ነው፤ የተረሳ እንደሆነ 12ቱ ቃላት ቢኖሩም ገንዘቡ አይገኝም።

ወረቀቱና ፊደላችን

ቃላቱ በወረቀት ይጻፋሉ። ፎቶ አይነሱም፣ ለራስ በቴሌግራም አይላኩም፣ በኢሜይል አይቀመጡም። ስልክ ፎቶን ባለቤቱ ሳያስተውል ወደ ክላውድ ይልካል። በ2025 የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች ስፓርክካት የተባለ ተንኮል ያለበት ኮድ በጉግልም በአፕልም መደብሮች በነበሩ መተግበሪያዎች ውስጥ አገኙ፤ ሥራው በስልኩ ያሉትን ፎቶዎች እያነበበ የማስመለሻ ቃላትን መፈለግ ነበር።

በእኛ ዘንድ ለብቻው የሚታሰብ ነገርም አለ። ቢፕ 39 በበርካታ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ዝርዝር አለው፤ አማርኛ ከእነዚያ ውስጥ የለም። አብዛኞቹ ዋሌቶች የሚሰጡት እንግሊዝኛውን ነው። ምስጢሩ እንዲከብድ ወይም እንዲቀል ብሎ ቃላቱን በፊደላችን የሚጽፍ ሰው ራሱን ለአደጋ ይሰጣል። «ቀኝ» የሚል ትርጉም ያለውና «መጻፍ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ በፊደላችን ሲጻፉ ግን ሁለቱም «ራይት» ናቸው። ከዓመታት በኋላ የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? መተርጎምም ያው ነው። ቃላቱ በላቲን ፊደል፣ ስክሪኑ ላይ እንደታዩት፣ ፊደል በፊደል፣ በተራ ቁጥር ይጻፉ። በእንግሊዝኛው ዝርዝር የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት እያንዳንዱን ቃል ለይተው ስለሚያሳውቁ፣ የእጅ ጽሑፍ ቢደበዝዝ በተለይ እነሱ ይነበቡ።

ወረቀት ምስጥ፣ ዝናብና እሳት ይፈራል። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቤት ማኖር አንድ ቅጂን በብርቱ ቁልፍ ከመዝጋት ይሻላል፤ የሚችል በብረት ላይ ያስቀርጽ፣ ቅርጹን ግን ራሱ በእጁ ይሥራው። ቃላቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ ማስቀመጥ ብልሃት ይመስላል፤ ግን አንዱ ግማሽ ቢጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ቃላቱን ራስ መምረጥም አይገባም፤ በዕጣ መውጣት አለባቸው። በ2023 ሚልክ ሳድ በተባለው ጉድለት፣ የአንድ ፕሮግራም የዕጣ አወጣጥ ደካማ ስለነበር ቃላቱ ሊሆኑ የሚችሉት ከአራት ቢሊዮን ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ሆነው ተገኙ፤ ያ ለኮምፒውተር አጭር ሥራ ነውና ብዙ ዋሌቶች ተዘረፉ። ማሽን እንኳ ዕጣ ማውጣት ከሳተ፣ የልጆቹን ስምና የትውልድ ቦታውን ይዞ የሚመርጥ ሰውማ ምን ይባላል።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ይመጣል። ዋሌቱ ይከፈት፣ ቃላቱ ይጻፉ፣ በጣም ትንሽ ገንዘብ ይግባበት። ከዚያ መተግበሪያው ከስልኩ ይጥፋ፣ ወይም መሣሪያው ወደ መጀመሪያ ሁኔታው ይመለስ። አሁን ከወረቀቱ ብቻ እያነበቡ መመለስ ነው። ገንዘቡ ከታየ ወረቀቱ እውነተኛ ነው። ካልታየ የጠፋው ትንሽ ነው፤ ቃል መሳሳቱም ጊዜ ሳያልፍ ታወቀ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ይሆናል።

ሲላክና ሲቀበል

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በቢትኮይን ግን የፈሰሰ አይለቀምም። የተላከ ዝውውር የሚሰርዝ ባንክ የለም። አድራሻ በእጅ አይጻፍም፤ ይገለበጣል ወይም በኪውአር ኮድ ይነበባል። ተገልብጦም አይታመንም፦ የተገለበጠውን አድራሻ በሌባ አድራሻ የሚተኩ ቫይረሶች አሉ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን አስመስለው አድራሻ የሚያዘጋጁም ስላሉ መካከሉም ይታይ። ለአዲስ ተቀባይ አስቀድሞ ትንሽ ይላክ፤ ደረሰኝ ሲባል የቀረው ይከተል።

የዝውውር ክፍያ የሚወሰነው በሚላከው ገንዘብ መጠን ሳይሆን ዝውውሩ በመዝገቡ ላይ በሚይዘው ቦታና በወረፋው ነው። ስለዚህ ወረፋው ሲበዛ ትንሽ ገንዘብ ሲላክ ክፍያው ሊበልጠው ይችላል። በአማካይ በየአሥር ደቂቃው ብሎክ የተባለ አዲስ የዝውውሮች ጥቅል በመዝገቡ ላይ ይጨመራል፤ ብዙዎች ለከፍተኛ ገንዘብ ስድስት ብሎክ ይጠብቃሉ። ለጥቃቅን ክፍያ ላይትኒንግ የተባለው መረብ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ እዚያም ቢሆን አንዳንዱ ዋሌት አደራ ተቀባይ ስለሆነ ያው የቃላቱ ጥያቄ ይጠየቅ።

ሌባው በአብዛኛው ሰው ነው

ከዚህ በላይ ከተነሱት ዘረፋዎች ብዙዎቹ በሂሳብ ጥበብ የተፈጸሙ አይደሉም። ባለቤቱ ተጠይቆ ሰጠ። በሐምሌ 2020 የባራክ ኦባማን፣ የጆ ባይደንን፣ የኢሎን መስክንና የሌሎችን የትዊተር ገጾች የያዙ ሌቦች «ቢትኮይን ላኩ፣ እጥፍ እንመልሳለን» ብለው ጻፉ፤ በሰዓታት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ሰበሰቡ። በቴሌግራም ቡድኖች ደግሞ ችግሩን የጻፈ ሰው ወዲያው በግል መልእክት «የድጋፍ ክፍል ነን» የሚል ይመጣለታል። ሕጉ አጭር ነው፦ የማስመለሻ ቃላት የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሌባ ነው። እውነተኛ ድርጅት አያስፈልጉትምና አይጠይቃቸውም። ያለንን ያህል ለሰው መንገርም አይገባም፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አገር ቤት ላለ አንባቢ የሕጉ ነገር ይጨመራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በአገሪቱ ግብይት የሚፈጸመው በብር መሆኑንና በቢትኮይንና በመሰሎቹ መገበያየት ሕጋዊ አለመሆኑን አሳስቧል። ስለዚህ ከማንኛውም እርምጃ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ማወቅ ግዴታ ነው። ሕግ ከለላ ባልሰጠበት ቦታ የተታለለ ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ጠባብ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ወራሽ ነው። ባንክ የሟችን ሒሳብ በፍርድ ቤት ወረቀት ለልጆቹ ያስረክባል፤ መዝገቡ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት አያነብም። ቃላቱን ሳይገልጥ ገንዘቡ መኖሩን፣ የዋሌቱን ስም፣ ወረቀቱ የት እንዳለና ማንን ማማከር እንደሚገባ የሚናገር ደብዳቤ ከኑዛዜ ጋር ይቀመጥ።

እንግዲህ ለጀማሪ የምለው ይህ ነው። በመገበያያ ይገዛ ግን አይታደር፤ ኮዱ ክፍት በሆነ የስልክ ዋሌት በትንሹ ይለመድ፤ መጠኑ እንቅልፍ መንሳት ሲጀምር ሃርድዌር ዋሌት ይገዛ። በየደረጃው ግን ፈተናው ይደገም። በዓመት አንድ ቀን፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ቤት ሲጸዳ እንኳ ቢሆን፣ ወረቀቱ ከተቀመጠበት ይውጣ፣ ይነበብ፣ ይመሳከር። ሃዌልስ አሥር ዓመት የተሟገተለትን ነገር ለማዳን የሚበቃው ይህች አንዲት ሰዓት ናት።